የካርታው ነገር

«የካርታውን ነገር ምን አሰብሽ?» አለችኝ ታናሽ እህቴ በስልክ። ስዊድን፣ ኡፕሳላ ነኝ፤ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ቡናዬን ቀድቼ ታሮት የሚባሉትን ዕድል ማንበቢያ ባለ ሥዕል ካርዶቼን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ተቀምጫለሁ። ማን ነገራት ብዬ ክው አልኩ። እንደ ሌባ ፊት ለፊቴ ያለችውን ካርድ በሲኒ ማስቀመጫ ሸፈንኳት። እሷ ግን የምትጠይቀኝ ደሴ ስላለው የእናታችን ቤት ካርታ ነበር።

ካርታ በአማርኛችን ብዙ ነው፤ የአገር ካርታ አለ፣ የይዞታ ካርታ አለ፣ ደመወዝ የሚያስበላውም አለ። አምና ለንስሐ አባቴ «አባ፣ ጠዋት ጠዋት ካርታ እመዛለሁ» ብላቸው «ወለተ ማርያም፣ ቁማር ጀመርሽ እንዴ?» አሉኝ። አስረዳኋቸው፤ ባላስረዳቸው ይሻል ነበር። ጥንቆላ ነው፣ ተዪው ብለው ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱን ሰገድኩ፤ ካርዶቹ ግን አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ከእሳቸው ጋር መከራከር አልፈልግም፤ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አውቀዋለሁ።

በቁማሩ በኩል ግን አባ ሳያውቁት ታሪኩን ነክተውታል። ታሮት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣልያ ሲጀመር መጫወቻ ካርታ ነበር። የግብፅ ካህናት ምሥጢር ነው የሚለውን ወሬ ያስፋፋው ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1781። ያን ጊዜ የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው እንኳ በአውሮፓ አልነበረም። እኔ የምጠቀምባቸው 78 ካርዶች መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የታተሙት ናቸው። ሥዕሎቹን የሠራችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ነች፤ ብዙ ሥራ በጥቂት ገንዘብ መሥራቷን ለወዳጇ በደብዳቤ ጽፋለች። አረጋውያንን ሌሊቱን ሙሉ እያገላበጥኩ ለማድር ሴት ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ነገ ምን ይሆናል ብዬ አልጠይቃቸውም። አንድ ካርድ እመዛለሁ፣ ቡናዬ እስኪያልቅ ድረስ አየዋለሁ፣ አበቃ። ደሴ ሆጤ ሰፈር ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ እናት ሲኒ ገልብጠው ሲያነቡም መንገድ ይታየኛል፣ ደብዳቤ ይታየኛል ይሉና በመጨረሻ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብለው ሲኒውን ለጠያቂዋ ይመልሱላት ነበር። ሴትየዋ ያን ጊዜ ነው የመጣችበትን ጉዳይ የምታወጣው። ሙያቸው እዚያች ጥያቄ ላይ እንደነበረ የገባኝ አሁን ነው።

በሲኒ ማስቀመጫው የሸፈንኳት ካርድ ባለ አራት ሳንቲሟ ናት። አንድ ሰው ዘውድ ደፍቶ ተቀምጧል። አንዱ ሳንቲም ዘውዱ ላይ ነው፤ አንዱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል፤ ሁለቱን በሁለት እግሩ ረግጧል። ከኋላው ከተማ አለ። በዚያ ሳምንት ስትወጣ ሁለተኛዋ ነበረች፤ መጀመሪያ ቀን ተናደድኩባት። ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ የምልክ ሰው እንዴት ስስታም እባላለሁ? በሁለተኛው ቀን ግን ዓይኔ እግሮቹ ላይ አረፈ። ሰውየው ቢፈልግም መነሣት አይችልም፤ ከተነሣ ሳንቲሞቹ ይቀሩበታላ።

እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ወጥቷል፤ ስም ማዛወሩ የእኔን ውክልናና የድርሻዬን ክፍያ ይጠብቃል። ኤምባሲው ስቶክሆልም ነው፣ በባቡር 40 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ስምንት ወር አጓተትኩት። ሥራስ መች አንሶኝ ያውቃል። ካርታው በእህቴ ስም ከወጣ ደሴ ስሄድ እንግዳ እሆናለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም ጭምር።

ሩን የሚባሉት የጥንት ሰሜን አውሮፓውያን ፊደላትም አሉኝ፤ በእንጨት ላይ የተቀረጹ 24፣ በከረጢት። ባዶዋን ሃያ አምስተኛ ጥያታለሁ፤ የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጭማሪ ናት። ሩን ለእኔ ከካርዱ ይልቅ ይቀርበኛል፤ ፊደል ነዋ! የእኛም ደብተራዎች የስምንና የእናትን ስም ፊደል ቆጥረው በ12 እየገደፉ ኮከብ ያወጣሉ። የመጀመሪያዋ ፌሁ ከብትም ሀብትም ማለት ናት። ኦታላ የምትባለዋ ደግሞ ርስት ማለት ናት፤ ስዊድኖች ኦዳል ይሉታል። ይህችን ፊደል በአንገት ሐብል ላይ ልሠራት ስል የሥራ ባልደረባዬ ከለከለችኝ፤ ናዚዎች ተጠቅመውባታል፣ ዛሬም ተከታዮቻቸው ይለብሷታል አለችኝ። ርስት የሚለው ቃል እዚህም እንዲህ ደም የነካው መሆኑን አላውቅም ነበር። ካቴድራሉ አጠገብ ባለው የዩኒቨርሲቲ መናፈሻ የቆሙትን የሩን ድንጋዮች ግን እወዳቸዋለሁ። በዚህ አውራጃ ካሉት ድንጋዮች አብዛኞቹ እገሌ ለአባቱ፣ እገሊት ለልጇ መታሰቢያ አቆመች የሚሉ ናቸው።

ኦራክል የሚባሉትን፣ አጭር መልእክት ያለባቸውን ካርዶችም አንዲት ጓደኛዬ ሰጥታኛለች። ቁጥራቸውም ሥርዓታቸውም እንደ አሳታሚው ነው። የእኔዎቹ ምንጊዜም የሚሉት «አንቺ ብርሃን ነሽ» ነው። ከሌሊት ሥራ ለተመለሰች ሴት ይህ አይነገራትም።

«እታለም፣ አለሽ?» አለች እህቴ፤ ዝም ብዬ ኖሯል።

«አለሁ። ሰኞ ኤምባሲ እሄዳለሁ። ግን በሁለታችን ስም ይውጣ።»

አሁን እሷ ዝም አለች። እጄን ዘረጋሁ ብዬ አልዋሽም፤ አንድ እግሬን ብቻ ነው ያነሣሁት።

«ቀድሞስ በማን ስም ሊወጣ ነበር?» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሲኒ ማስቀመጫውን አነሣሁ። ሥሩ እርጥብ ኖሮ ካርዱ ላይ ክብ የቡና ምልክት ትቷል፤ ልክ ከሰውየው ጉልበት በላይ። በጨርቅ ብጠርገው አልለቅ አለ። አምስተኛ ሳንቲም ጨመርኩለት።