የሮቦት አለባ መረጃ ለምርምር፦ ይህ ብልቃጥ የየትኛዋ ላም ነው?

በማለቢያ ሮቦት ላይ ምርምር የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ሴንሰሩ በትክክል መለካቱ ላይ ነው። ጭንቀቱ ወደ ሌላ ቦታ ቢዞር ይሻላል። ሴንሰሩ የመዘገበው ቁጥርና ላቦራቶሪው የላከው ቁጥር የአንዲት ላም፣ የአንድ አለባ ውጤት መሆናቸውን ማረጋገጥ ከሁሉም ይከብዳል፤ መመሪያው ላይ ግን ጥቂት መስመር ብቻ ነው የተሰጠው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው የምጽፈው።

ሥራው በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ሮቦቱ በእያንዳንዱ የግት ክፍል የሚለካውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ከወተቱ የሶማቲክ ሴል ብዛት (ግት ሲታመም የሚጨምሩት የላሟ የራሷ ሴሎች ቁጥር) ጋር፣ የአንገት ሴንሰሩ የሚቆጥረውን የማመስኳት ደቂቃ ደግሞ በዓይን ከታየው ጋር ማነጻጸር ነው።

መለያ ቁጥሩን በአጭሩ ልለፈው። አንዲት ላም የጆሮ ቁጥር፣ ሮቦቱ የሚያነበው ቺፕ፣ የኮላር (የአንገት ሴንሰሩ ማሰሪያ) ቁጥርና ሠራተኞች የሚጠሯት አጭር ቁጥር አላት። ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሩና ለእያንዳንዱ ጥምረት የጀመረበትንና ያበቃበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ኮላር ከአንዷ ወልቆ ለሌላዋ ሲታሰር የድሮዋን ታሪክ በሙሉ ለአዲሷ የሚያስረክብ ሶፍትዌር አለ። በዓለም አቀፎቹ የአይኤስኦ 11784 እና 11785 ደረጃዎች የተሠራ ቺፕ በ134.2 ኪሎኸርዝ ነው የሚነበበው፤ መለያው 15 አሃዝ ነው። ይህን ቁጥር በኤክሴል ስትከፍቱ ዓምዱን አስቀድማችሁ "ጽሑፍ" አድርጉት። አለበለዚያ ረጅሙ ቁጥር አጥሮ ይታያል፣ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ ፋይል) ሆኖ ሲቀመጥ ደግሞ በአጠረው መልኩ ይቀራል፤ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ከጠፉ ግማሹ መንጋ አንድ ላም ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሰዓት ትንሽ ይበልጥ ያስቸግራል። የሮቦቱ ኮምፒውተር፣ የኮላሩ መቀበያ፣ የወተት ናሙና መውሰጃውና በእጃችሁ ያለው ስልክ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ከኢንተርኔት ያልተገናኘ ኮምፒውተር ደግሞ በየቀኑ በጥቂት ሰከንድ እየሸሸ ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ ፎቶ አንሱና ልዩነቱን በየሳምንቱ መዝግቡ። ሮቦቱ የሚጽፈው ሰዓት አለባው የጀመረበት ይሁን ያለቀበት በቆማችሁበት አረጋግጡ። ብዙ ኮላር ማመስኳትን በ2 ሰዓት እየደመረ ነው የሚልከው፤ "14፡00" የሚለው ቁጥር ከ12 እስከ 14 ያለው ይሁን ከ14 እስከ 16 ያለው ግን ብሮሹሩ አይነግራችሁም። መላው ቀላል ነው። ትርፍ ኮላር ምሰሶ ላይ አስራችሁ አንድ ሙሉ የ2 ሰዓት ክፍል ሳይነካ ይቆይ፤ በሚቀጥለው ክፍል ደጋግማችሁ ነቅንቁት። የእንቅስቃሴው ቁጥር የት ላይ እንደወጣ ስታዩ ክርክሩ ያበቃል።

አሁን ወደ ብልቃጡ።

ናሙና መውሰጃው ከሮቦቱ ጎን የሚገጠም ሳጥን ነው፤ ሮቦቱ አንዲትን ላም አልቦ ወተቱን ሲገፋ ከዚያ ላይ ትንሽ እየቀነሰ ተራ ወደደረሰው ብልቃጥ ያንቆረቁራል። በኋላ ሶፍትዌሩ "1ኛ ብልቃጥ ይህች ላም፣ 2ኛ ብልቃጥ ያቺ ላም" የሚል ዝርዝር ያወጣል። መመሪያው ዝርዝሩን ከናሙናው ጋር ወደ ላቦራቶሪ ላኩ ይላል። እኔ እንዲሁ አትላኩ እላለሁ።

ዝርዝሩና ብልቃጡ የሚለያዩባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ላሟ ጡቷ ላይ የተገጠመውን የማለቢያ ኩባያ ረግጣ ትጥለውና 1.2 ኪሎ ብቻ ሰጥታ ትወጣለች፤ ሮቦቱ ያልተሟላ አለባ ብሎ ይመዘግባል፣ መውሰጃው ወተቱ ስላነሰው ምንም አይቀዳም፣ የብልቃጡ ቁጥር ግን በአንዱ ማሽን ያልፋል በሌላው አያልፍም። መድኃኒት ላይ ያለች ወይም ገና እንገር የምትሰጥ ላም ወተቷ ወደ ሌላ ዕቃ ሲዞርም ያው ነው። ሮቦቱ በቀን ጥቂት ጊዜ ራሱን ሲያጥብ የማጠቢያውን ውሃ ብልቃጥ ውስጥ የሚጨምር ማሽንም አይቻለሁ፤ እሱስ ነጣ ስለሚል ይታወቃል። በሌሊት ሳጥን ሲቀየር ዞሮ ከገባ የመጨረሻው ብልቃጥ የመጀመሪያ ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ ሶፍትዌሩ አንድም የስህተት መልእክት አይሰጥም። ሳጥኑ ከዞረበት በቀር ቁጥሩ በአንድ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ ያለችው ላም ሁሉ የቀዳሚዋን ወይም የተከታይዋን ወተት ይዛ ትሄዳለች።

ለሻጩ ድርጅት ሲጻፍለት የሚመጣው መልስ "ሲስተሙ አይሳሳትም፣ ሳጥኑን ያስገባው ሰው ነው" የሚል ነው። ያልተሟላ አለባ ሲያጋጥም ቁጥሩ ያልፋል ወይስ አያልፍም ለሚለው ቀጥተኛ ጥያቄ ግን መልስ የለም። ማሽን ሸጦ ማሽኑ እንዴት እንደሚቆጥር አለመናገር ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም።

ስለዚህ ማረጋገጫውን ራሳችሁ ሥሩ። ርካሹ ካሜራ ነው፦ አሮጌ ስልክ ከሳጥኑ በላይ አስራችሁ በየደቂቃው ፎቶ እንዲያነሳ አድርጉ፣ በፎቶው ጥግ ላይ ሰዓት ይታይ። 11ኛው ብልቃጥ በ02፡17 ባዶ፣ በ02፡18 ሙሉ ሆኖ ከታየ ከሮቦቱ መዝገብ ጋር ማገናኘት የቁጥር ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ሌንሱ በእንፋሎት ስለሚደበዝዝ በየሳጥኑ ቅያሪ ጥረጉት።

ሁለተኛው መላ ዘር ነው። በሆልስቲኖች መካከል ጥቂት ጀርሲዎች ካሉ ቅባታቸው ከፍ ስለሚል እንደ ምልክት ያገለግላሉ፤ ዝርዝሩ ጀርሲ ያላት ብልቃጥ 3.4 በመቶ ቅባት አሳይቶ ቀጥሎ ያለችው ሆልስቲን 5.6 ካሳየች ነገሩ ግልጽ ነው። ሦስተኛው ስሌት ነው፣ ሮቦታችሁ ቅባት የሚገምት ሴንሰር ካለው። የላቦራቶሪውን ቅባት ከሮቦቱ ቅባት ጋር አንዴ እንዳለ፣ አንዴ በአንድ ወደፊት፣ አንዴ በአንድ ወደኋላ ገፍታችሁ ዝምድናውን (ኮሪሌሽን) አስሉ። ዝምድናው የሚበረታው በተገፋው ላይ ከሆነ ዝርዝሩ ተንሸራቷል። ይህን ለቀኑ ሙሉ በአንድ ላይ ካሰላችሁት ምንም አይታይም፤ መንሸራተቱ መሐል ላይ ስለሚጀምር በ20 በ20 ብልቃጥ ከፋፍሉት።

መንሸራተቱ ከየት እንደጀመረ በፎቶ ካልተረጋገጠ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እጥለዋለሁ። "በግምት ይስተካከል" የሚል አማካሪ አይጠፋም። የተገመተ ማንነት ይዞ የሴንሰርን ትክክለኛነት መፈተን ግን ፈተናውን ከነመልሱ ማበላሸት ነው።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ሌላ ጣጣ አለ፤ የቀዳሚዋ ላም ወተት በቱቦውና በመቀበያው ውስጥ ትንሽ ይቀራል። 2,000,000 ሴል በሚሊ ሊትር ካላት ላም ቀጥሎ 50,000 ያላት ብትገባና ከናሙናዋ 3 በመቶው የቀዳሚዋ ቢሆን፣ ውጤቷ 108,500 ይሆናል። ቅሪቱ 10 በመቶ ከደረሰ 245,000 ይሆንና ብዙዎች ለድብቅ ማስታይተስ (በዓይን ለማይታይ የግት በሽታ) የሚጠቀሙበትን የ200,000 መስመር ያልፋል፤ ጤነኛዋ ላም በወረቀት ታመመች ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ውጤት ጎን ከእሷ በፊት የታለበችውን ላም ውጤት የሚያሳይ ዓምድ ይኑር። የባክቴሪያ ምርመራ ካስፈለገ ደግሞ ከዚህ ሳጥን አትውሰዱ። ወተቱ እንዳይበላሽ በብልቃጡ ውስጥ የሚጨመረው ብሮኖፖል ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የጡቱን ጫፍ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ የመጀመሪያውን ወተት ደፍታችሁ፣ በንጹሕ ብልቃጥ በእጅ እለቡ።

ስለ አስተላላፊነት የምለው ሁለት ነገር ነው። ግት ሲቆጣ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ወተቱ ስለሚገቡ ንባቡ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምርም ወደ 2 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ፍጹም ቁጥሩን ትታችሁ የላሟን አራት ክፍሎች እርስ በርስ አነጻጽሩ። እኔ ከፍተኛው ለዝቅተኛው ሲካፈል ከ1.15 ሲያልፍ ነው የምመለከተው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ አራቱ ኩባያዎች የየራሳቸው ሴንሰር ካላቸው "የቀኝ ኋላ ጡት" ሁልጊዜ "የቀኝ ኋላ ሴንሰር" ነው። የወተት ድንጋይ (ከወተት የሚጋገር ደረቅ ቅርፊት) የያዘው ሴንሰር የመንጋውን የቀኝ ኋላ ጡት በሙሉ በሽተኛ ያስመስላል። በየቀኑ የእያንዳንዱን ሴንሰር የመንጋ አማካይ ንባብ አውጡ፤ አንዱ ብቻውን ከሸሸ የሚያስፈልገው የእንስሳት ሐኪም ሳይሆን አሲድ ማጠቢያ ነው።

ብሮሹሩ ስለ በሽታ ማንቂያው ትክክለኛነት በሚጽፈው "99 በመቶ" አትደሰቱ። 65 ላሞች እያንዳንዳቸው በቀን በአማካይ 2.6 ጊዜ ቢታለቡ 169 አለባ ነው። ከ100 ጤነኛ አለባ አንዱን ብቻ በስህተት የሚጠቁም ሲስተም በ5 ቀን ውስጥ ስምንት ያህል የሐሰት ማንቂያ ያሰማል። በእነዚያ 5 ቀናት የታመመችው አንዲት ላም ብቻ ከሆነች፣ ሠራተኛው ማንቂያውን ችላ ማለት ቢጀምር አይፈረድበትም።

የወተት መጠንን በቀን መቁጠሪያ ቀን አትደምሩ። በ23፡50 ፈንታ በ00፡10 የታለበች ላም ምንም ሳትለወጥ ቀኗ ይለወጣል። 12 ኪሎ ከ8 ሰዓት በኋላ ከሰጠች በሰዓት 1.5 ኪሎ ነው፤ በዚህ አስሉና የ4 ቀን አማካይ ውሰዱ። ድምሩን በየሳምንቱ ከማቀዝቀዣ ታንኩ ጋር አስታርቁ፤ ወደ ሌላ የዞረውን ወተት ቀንሱ፣ ታንኩ በሊትር ሮቦቱ በኪሎ ከሆነ ሊትሩን በ1.03 አባዙ። አምራቹ ለወተት መለኪያው "የዓመት ምርመራ ይበቃል" ይላል፤ ለምርምር አይበቃም።

የመጨረሻው ነገር ውል ላይ ይጻፍ፦ ሙከራው እስኪያልቅ ሶፍትዌሩ በርቀት አይታደስም። በሙከራ መሐል የማንቂያውን ቀመር ያለ ማስታወቂያ ቀይረው "ተሻሽሏል" የሚሉ አሉ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው መረጃ በአንድ ላይ አይተነተንም። የመግቢያ ፈቃዱም፣ ማለትም ላሟ ከስንት ሰዓት ወይም ከስንት ኪሎ በኋላ እንድትታለብ የሚወስነው ቅንብር፣ ባለበት ይቆይ። የስሪት ቁጥሩን በየሳምንቱ ጻፉ፣ ጥሬ መረጃውንም በየምሽቱ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ዝርዝሩን አጥፍተው አማካዩን ብቻ የሚያስቀሩ ሶፍትዌሮች አሉ።