ከመንገድ የተመለሱ ወንበሮች

ዛሬ ከግላስጎው ወጣ ብዬ ደምፍሪስ ሀውስ የሚባለውን የስኮትላንድ የድሮ መኳንንት ቤት አየሁ። ዝናቡ እንደ ልማዱ አልለቀቀኝም። በረጠበ ጫማ እዚያ ቤት መግባት ያሳፍራል!

ቤቱን ከ1754 እስከ 1759 እ.ኤ.አ. የገነቡት አርክቴክቶቹ የአዳም ወንድማማቾች ናቸው። የቤት ዕቃውን ደግሞ የቤቱ ባለቤት የነበረው አርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ከለንደኑ የቤት ዕቃ ሠሪ ከቶማስ ቺፕንዴል አዘዘ። እሱ ያው የሀብታም ወግ ነው።

እኔን የገረመኝ የ2007ቱ ነው። ቤቱ ሊሸጥ፣ ዕቃው በጨረታ ሊበተን ነበር። ወንበሮቹ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ለንደን ጉዞ ጀምረዋል። ልክ በዚያ ሰዓት የያኔው ልዑል ቻርልስ ያስተባበሩት ቡድን ሁሉንም በ45 ሚሊዮን ፓውንድ ጠቅልሎ ገዛ። መኪኖቹም ከመንገድ ተመለሱ። ባለ ሰማያዊ ጨርቁን ወንበር ጠጋ ብዬ ሳየው "አንተ እኮ ለጥቂት ነው የተረፍከው" ልለው ምንም አልቀረኝ።

አካባቢው የድንጋይ ከሰል ማውጫዎቹ ተዘግተው ሥራ የጠፋበት ነው። አሁን ግቢው ውስጥ ወጣቶች መስተንግዶና የግንባታ ሙያ ይማራሉ። ከወንበሩ ይልቅ ይሄ በለጠብኝ።

ማታ ፎቶውን ለእማዬ ላኩላት። "ወይ ጉድ! ይሄን ሁሉ ክፍል ማን ይጠርገዋል?" አለችኝ።