ባለ አምስት ሲዲው ማጫወቻ በጅማ ክረምት

ከሰኔ ጀምሮ የያዝኩት ሥራ ስለሆነ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን እየተከተልኩ ላካፍላችሁ። ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ባለ ብዙ ሲዲ ማጫወቻ ካላችሁ፣ በተለይ ደግሞ «ሌንሱ አልቋል» ተብሎ የተተወ ከሆነ፣ ሳትጥሉት በፊት ይህን አንብቡልኝ። የእኔም እንደዚያ ተብሎ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ እየዘፈነ ነው።

ማጫወቻውን ያመጣችው አክስቴ ናት፤ ከአሜሪካ ስትመለስ ይዛው መጥታ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ሠርቶላታል። ቤት ስትቀይር «ለእህቴ ይሁን» ብላ ለእማዬ ላከችው። ክብ ሳህኑ ላይ አምስት ሲዲ ይደረደራል፤ ሳህኑ እየዞረ ተራ በተራ ያጫውታል። ጥፋቱ የተጀመረው ከመንገድ ነው። ሲዲዎቹ ሳይወጡ እንዳሉ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ መጣ። ባለ ሳህን ማጫወቻ ሲጓጓዝ ውስጡ አንድም ሲዲ መኖር የለበትም። ሳህኑ ላይ ሲዲውን የሚይዘው ጎድጎድ ያለ መኝታ ብቻ ነው፤ የሚቆልፈው ነገር የለም። አንዳንዶቹ ማጫወቻዎች ከሥራቸው የማጓጓዣ ብሎን አላቸው። ያ ብሎን ለጉዞ ይጠብቃል፣ ከመሰካቱ በፊት ደግሞ ይፈታል። የእኔ ብሎን የለውም፤ ሲዲው ግን ነበረበት።

ሰኔ 9፤ ገና አልሰካሁትም። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በእጅ ባትሪ አነበብኩት፤ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 15 ዋት ይላል። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የእኛ ግድግዳ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ቢሰካ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይቃጠል ነበር። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ያላችሁ ሁሉ ከምንም በፊት ያችን ጽሑፍ ፈልጉ። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ የ100 ዋት ትራንስፎርመር ከመርካቶ ገዛሁ። ለ15 ዋት ዕቃ ከበቂ በላይ ነው፣ ሳይሞቅ ይሠራል። ሻጩ የ1000 ዋቱን እንድወስድ ሲገፋፋኝ ነበር፤ አያስፈልግም።

አንድ ወዳጄ «50 ኸርዝ ከሆነ ዘፈኑ አይጎተትም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ሞተራቸው ኸርዙን ተከትሎ የሚዞር የሸክላ ማጫወቻዎች ላይ በእርግጥ ይጎተታል። የሲዲ ማጫወቻን ፍጥነት የሚመራው ግን ውስጡ ያለ የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ ከግድግዳው ኸርዝ ጋር ጉዳይ የለውም።

ሰኔ 11፤ ሰካሁት። መብራቱ በራ፣ ቁጥሮቹ ታዩ። መክፈቻውን ስጫን ውስጡ «ዝዝዝ» አለ፤ ሳህኑ ግን አልወጣም። ደግሜ ስጫን ጣት የምታህል ወጥቶ ተመለሰ። በማግስቱ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ክዳኑን ሳይፈታ «ሌንሱ አልቋል፣ መለዋወጫውም አይገኝም፣ አትድከም» አለኝ። አመስግኜ ይዤው ተመለስኩ። ሌሊቱን ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ሌንስ ሲዲ ያነባል እንጂ ሳህን አያወጣም። ሌንሱ የደከመ ማጫወቻ ሳህኑን በደንብ ያወጣል፣ ያስገባል፣ ሲዲውን ትንሽ ያዞርና «ሲዲ የለም» ይላል። የእኔ እዚያ ደረጃ እንኳን አልደረሰም። የሞተሩ ድምፅ እየተሰማ ሳህኑ ካልተንቀሳቀሰ፣ ጉልበቱ ከሞተሩ ሳህኑን ወደሚገፋው ጥርስ በሚተላለፍበት መሀል መንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። እዚያ መሀል ያለው ደግሞ ቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ጠጋኞቹ ቤልት ይሉታል።

ሰኔ 14፤ ከፈትኩት። ከትራንስፎርመሩ ነቅዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ እየፈታሁ ከየት እንደወጡ በሚያሳይ ቅደም ተከተል በቡና ስኒዎች ከፋፍዬ አስቀመጥኳቸው፤ የጀርባው በአንዱ፣ የጎኑ በሌላው። ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ከመኝታዋ ያመለጠች ሲዲ በሳህኑና በኋላው ግድግዳ መሀል ቆማ ተሰንጥቃለች። አጠፍ አድርጌ በቀስታ ሳብኳት። ከዚያ ሳህኑን በእጄ ሳዞረው እንደ ቅቤ ሄደ። ቤልቱን ደግሞ ከፊት በኩል፣ ከሞተሩ ራስ ላይ አገኘሁት። ላልቶ፣ እንደ ቆየ የብር ማሰሪያ ላስቲክ የሚያብረቀርቅ ሆኗል። በጣቴ ጎተት ሳደርገው አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ሞከርኩ። አንደኛው፣ ቤልቱን በፈላ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቆይቶ ማድረቅ ነው። ትንሽ ይኮማተራል፣ ሳህኑም ወጣ። ግን ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የቆየው፤ ለምርመራ ይረዳል እንጂ ጥገና አይባልም። ሁለተኛው የዘለቀው ነው። ሐሙስ ቀን ገበያ ወጥቼ፣ ሂርማታ መርካቶ የድሮ ቴፕ አካል ከሚሸጡት ዘንድ የካሴት ማጫወቻ ቤልቶች ቆፈርኩ። አሮጌውን ይዤ ነው የሄድኩት። ሁለቱንም ዘርግቼ ጎን ለጎን አስተያየሁ፤ ከአሮጌው ጥቂት ያጠረ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ሲጎተት ወዲያው የሚመለስ መረጥኩ። በጣም ያጠረ ከሆነ ሞተሩን ያስጨንቃል። ከማስገባቴ በፊት ቤልቱ የሚዞርባቸውን ሁለቱን ጎማዎች በአልኮል ጠረግኳቸው፤ አሮጌው ላስቲክ ጥቁር ቅባት ትቶባቸው ነበር። በጣቴም እንዳልነካው በንጹሕ ጨርቅ ያዝኩት፤ የእጅ ወዝ ያንሸራትተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑ አንድም ቀን አልለገመም።

ክዳኑ እንደተከፈተ አንድ ሲዲ ሲጫወት ማየት ደስ የሚል ነገር ነው። ሲጀምር በጣም ይፈጥናል፣ በደቂቃ 500 ዙር ያህል፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ወደ 200 ይወርዳል። ምክንያቱም ሲዲ እንደ ሸክላ ከዳር ወደ መሀል ሳይሆን ከመሀል ወደ ዳር ነው የሚነበበው፤ ዳር ላይ ዙሩ ሰፊ ስለሆነ መረጃው በእኩል ፍጥነት እንዲያልፍ ማሽኑ ራሱን ያዘገያል። ስታዩ ግን ሲዲ መኝታው ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ሲዲውን የሚያነበው የሌዘር ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖ ሜትር ነው፣ ዓይን በደንብ አያየውም፤ አለመታየቱ ግን ዓይን አይጎዳም ማለት አይደለም።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡም ከበደ። ጅማ ክረምት ላይ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። አንድ ጧት ማጫወቻው አምስቱንም «ሲዲ የለም» አለ። ትናንት ማታ ሲዘፍን አምሽቷል። ደነገጥኩ፣ እውነትም ሌንሱ አለቀ ብዬ። ከዚያ የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት መሸፈኑን አየሁ፤ ሌንሱስ እንደዚሁ አይሸፈንም? ሲዲዎቹን አውጥቼ ማሽኑን እንደበራ አንድ ሰዓት ተውኩት። የራሱ ሙቀት አደረቀው፣ አነበበ። አሁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄዋለሁ። ዳንቴሉንም እማዬን ለምኜ አስነሳሁ፤ ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሚተነፍስባቸው ናቸው። ማጫወቻው በማይሠራበት ሰዓት ታለብሰዋለች፣ ሊሠራ ሲል ታነሳለታለች፤ ተስማምተናል።

ሌላው የቤታችን ነገር ጢስ ነው። ማጫወቻው መጀመሪያ የነበረው ከረከቦቱ አጠገብ ነው። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ ጢሱ ወደ ላይ ሄዶ አያልቅም፣ ስስ ቅባት ሆኖ በየነገሩ ላይ ያርፋል። ሌንሱን በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ስጠርገው ቢጫ ሆኖ ወጣ። እንዲህ አድርጉት፤ ጥጡን በአልኮል አርጥባችሁ ጨምቁት፣ ሌንሱን ሳትጫኑ ከመሀል ወደ ዳር አዙሩ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጥጥ ዳበስ። ሌንሱ የተንጠለጠለው በፀጉር በሚያህሉ ሽቦዎች ነው፤ ጉልበት አይፈልግም። ሽቶና አረቄ አትጠቀሙ፣ ቅሪት ይተዋሉ። ቡናውንም ማጫወቻውንም ከቤት ማውጣት ስለማይቻል ማጫወቻውን ወደ ማዶው ግድግዳ አዛወርኩት።

እዚያ ደግሞ ወለሉ ሸካራ ሲሚንቶ ነው፣ ባለ አራት እግሩ ጠረጴዛ ይወዛወዛል። ለበርጩማ የሚታወቀው የጅማ አናጺ ሙያ እዚህ አዳነኝ። ሦስት እግር ያለው ነገር ምንም ዓይነት ወለል ላይ አይንገዳገድም፣ ሁልጊዜ ሦስቱም ይረግጣሉ። ጠፍጣፋ አናት ያለው ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ አሠራሁ። አለመንገዳገድና መስተካከል ግን ሁለት ነገር ናቸው። ዝርግ ሳህን ላይ ጥቂት ውኃ አድርጌ ወዴት እንደሚያዘነብል አየሁና በአንዱ እግር ሥር ስስ እንጨት አስገባሁ። ዘንበል ያለ ማጫወቻ ሳህኑን ሲያዞር ያንገራግራል።

ገመዱን ባጭሩ ልለፈው። ቀዩ ቀኝ፣ ነጩ ግራ ነው፤ ከማጫወቻው ጀርባ ወደ አምፕሊፋየሩ «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» ወደሚለው። «ፎኖ» ወደሚለው አትሰኩት። እሱ የሸክላን መርፌ ጥቂት ሚሊ ቮልት እንዲያጎላ የተሠራ ነው፤ የሲዲ ማጫወቻ ግን እስከ 2 ቮልት ይልካል፣ ድምፁ ይበጣጠሳል። የስፒከሮቹንም ቀይና ጥቁር ሽቦ አስተያዩ። አንዱ ከተገለበጠ ድምፁ ይኖራል፣ ቤዙ ግን ይጠፋል፤ እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ስፒከሬን ስጠረጥር የነበረው በዚህ ነው።

ወደ ሲዲዎቹ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ሥር ነው። መረጃው ያለው ግን ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ነው። ሌዘሩ 1.2 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ አልፎ ነው የሚደርስበት። ከሥር ያለ ጭረት ፕላስቲኩን ብቻ ይነካል፤ ከላይ ያለ ጭረት ራሱን መረጃውን ይፍቃል። እስክሪብቶ ጫን አድርጎ መጻፍ አንድ ዘፈን ይገድላል። ስትጠርጉ ደግሞ ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ ዙሪያውን አይደለም። መረጃው የተጻፈው ዙሪያውን በሚጠመጠም ቀጭን መንገድ ላይ ነው፤ ማጫወቻው በዚህ መንገድ ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ጉድለት አስልቶ መሙላት ይችላል። መንገዱን የሚያቋርጥ ጭረት ይሞላል፣ መንገዱን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ከዚያ ይረዝማል።

ሱቅ ራይት የተደረጉትን በተመለከተ፤ ኤምፒስሪ የተጫነባቸውን የእኔ ማሽን አያነባቸውም፣ በኦዲዮ መልክ ራይት ተደርገው የተዘጉትን (ሌላ እንዳይጨመርባቸው የተደረጉትን) ግን ያነባል። ደጋግሞ የሚጻፍበት ዓይነት ብርሃን የሚመልሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ እሱንም አያውቀውም። ላዩ ላይ ወረቀት የተለጠፈበትን ፈጽሞ አላስገባም። በዚህ እርጥበት ወረቀቱ ጫፉ ይላቀቃል፣ ሳህኑ ሲዞር ይጠመጠማል።

ነሐሴ ላይ ነው አሠራሩን በትክክል የለመድኩት። አምስት ሲዲ እያንዳንዱ 74 ደቂቃ ቢይዝ ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ማንም ሳይነሳ። «ፕሮግራም» የሚለው ከአምስቱም እየመረጠ እስከ 32 ዘፈን ይይዝልኛል። መብራት ሲሄድ ግን ይረሳዋል፤ ስለዚህ የምወደውን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፌ ከሪሞቱ ጋር አስሬዋለሁ። መብራት ሲሄድ ከትራንስፎርመሩ እነቅላለሁ፣ ተመልሶ ከረጋ በኋላ እሰካለሁ። ዘፈኖቹን እያደባለቀ የሚያጫውተውን «ሻፍል»ን እኔ እወደዋለሁ፤ እማዬ «መዝሙሩ መሀል ዘፈን ገባ» ብላ ስለተቆጣች እሑድ እሑድ ጠፍቶ ይውላል።

ካሉት ሁሉ ቁልፎች የምወደው «ኤክስቼንጅ» የሚለውን ነው። ሲጫን፣ እየተጫወተ ያለው ሲዲ ከሳህኑ ተነስቶ ውስጥ ስለተያዘ፣ ሳህኑ ብቻውን ይወጣል፤ የቀሩትን መቀየር ይቻላል። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ሐጂያ ለቡና ሲመጡ የመንዙማ ሲዲ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው አመጡ። የመጀመሪያው መኝታ ላይ የጥላሁን ገሠሠ እየዘፈነ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ሳህኑ ወጣ፣ የእሳቸውን ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጌ አራተኛው ላይ አስቀመጥኩት። ሐጂያ ስኒያቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው አዩትና «ኧረ ልጄ፣ ዘፈኑ እኮ አልቆመም!» አሉ። እማዬም እንደ አሮጌ ባለሙያ፣ «ይሄኛው ሲያልቅ አራትን ይጫንልሻል፣ ተቀመጪ» አለቻቸው።