ስምንተኛው ደብተር

ጅማ፣ ሐሙስ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፈረንጅ አራዳ ከሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁ፤ ዝናቡ እንዳያገኘው በፌስታል ጠቅልዬ፣ በጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ነገ አርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 ላይ የፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ፣ ማለትም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን መርጠን እነርሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ሥራ ነጥብ የምንሰበስብበት የኢንተርኔት ጨዋታ፣ የመጀመሪያ ሳምንት የቡድን ምርጫ ይዘጋል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ሊቨርፑል በአንፊልድ ቦርንማውዝን ያስተናግዳል። የእኛ የጓደኛሞች ሊግ በዚሁ ስምንተኛ ዓመቱን ይጀምራል፤ የገዛሁትም ደብተር ስምንተኛው ነው።

ሊጉን የመሠረትነው በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ያነሳው በዚያ ክረምት ነው፤ ከተማው ሁሉ ስለ ኳስ በሚያወራበት፣ እኛም ከስታዲየም ወጥተን የኦኪኪ አፎላቢን ጎሎች እየቆጠርን በእግራችን ወደ ቤት በምንመለስበት ወቅት፣ ከመካከላችን አንዱ ስለ ፋንታሲ ነገረንና ዘጠኝ ሆነን ገባንበት። አሁንም ዘጠኝ ነን። አራታችን ጅማ ቀርተናል፤ አንዱ አጋሮ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ሦስቱ አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዱ ሚኒሶታ ነው፣ ለእርሱ የነገው መዝጊያ ከቀትር በኋላ በምሳ ሰዓቱ ላይ ይውላል።

ደብተር መያዝ የጀመርነው በጋሼ ሐሳብ ነው። ጋሼ የምንላቸው ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት የሒሳብ መምህር ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት መብራትና ኔትወርክ በአንድ ላይ በጠፉበት አንድ ቅዳሜ፣ ማን ማንን መርጦ እንደነበር ክርክር ተነሥቶ ነበርና፣ እርሳቸው «ከእንግዲህ የመጀመሪያ ቡድናችንን በእጃችን እንጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም ለምን እንደመረጥነው አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምር» አሉ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዳችን 15 ስሞችን፣ ማለትም 2 ግብ ጠባቂዎችን፣ 5 ተከላካዮችን፣ 5 አማካዮችንና 3 አጥቂዎችን፣ ከነምክንያታቸው እንጽፋለን። ከከተማ ውጭ ያሉት በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ እኔም አንድም ቃል ሳልለውጥ እገለብጥላቸዋለሁ። ገንዘብ አናስይዝም፤ አሸናፊው ግን የዓመቱን ደብተር ወስዶ በቤቱ ያስቀምጣል።

የዘንድሮውን ዝግጅቴን የጀመርኩት ዋጋዎቹን በማጥናት ሳይሆን ያለፈውን ዓመት ደብተር ከአሸናፊው ተውሼ በማንበብ ነው። አሸናፊው የቡና ነጋዴው ጓደኛችን ነበር። ገጹን ስገልጥ፣ ከብሪያን ምቤሞ ስም አጠገብ «ቶኒ ከብሬንትፎርድ መሄዱ አይቀርም፤ ከሄደ ፍጹም ቅጣት ምቱን የሚመታው ይኼ ልጅ ነው» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ይህን የጻፈው በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ኢቫን ቶኒ ገና ሳይሸጥ ነው። ምቤሞ በዚያ የውድድር ዘመን 20 የሊግ ጎሎችን አስቆጠረ፤ ዘንድሮ ደግሞ በማንቸስተር ዩናይትድ መለያ ይጀምራል። ቀጥዬ የራሴን ገጽ ገለጥኩ። ከ15ቱ ስሞች ከሰባቱ አጠገብ የተጻፈው «ብዙ ሰው ይዞታል» የሚል ብቻ ነበር። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ በሰባቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ያንን ገጽ ረዘም ላለ ጊዜ አየሁት። ጨዋታውን የምወደው ኳስ ማየት ስለምወድ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ገጽ ላይ ግን ያየሁት ኳስ የለም፤ ከኢንተርኔት ባለሙያዎች የገለበጥኩት ዝርዝር ብቻ ነው ያለው።

የዓመቱንም ዕድል ያጣሁት ካለማየት ነው። የእንግሊዝ ሰዓት በክረምታቸው ከእኛ በ3 ሰዓት፣ በበጋቸው በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በጥርና በየካቲት ቅዳሜ ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋ የነበረው ምርጫ፣ እነርሱ በመጋቢት ሰዓታቸውን ሲቀይሩ በ7 ሰዓት ይዘጋል። ሚያዝያ 4 ቀን፣ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ኒውካስል በአንድ የጨዋታ ሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጫወትበት ነበር፤ እኔም ከኒውካስል ሁለት ተጫዋቾችን ለማስገባት ዝውውሩን በልቤ ከጨረስኩ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር። ከእናቴ ጋር ሂርማታ ገበያ ቆይቼ፣ ዘንቢሉን ከባጃጅ አውርጄ ስልኬን ስከፍት ሰዓቱ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይላል። ገጹ ወደሚቀጥለው ሳምንት አልፏል፤ የቀድሞው ቡድኔ እንዳለ ተቆልፏል። ኒውካስል ማንቸስተር ዩናይትድን 4 ለ 1፣ ክሪስታል ፓላስን ደግሞ 5 ለ 0 አሸነፈ። ካሰብኳቸው ከሁለቱ አንዱ የነበረው ሃርቪ ባርንስ በመጀመሪያው ጨዋታ ብቻ ሁለት ጎል አስቆጠረ። ሊጉን በ11 ነጥብ ተበልጬ ሁለተኛ ሆንኩ። መተግበሪያው ትክክለኛውን ሰዓት በስልኬ ላይ ያሳየኝ ነበር፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ ብዬ አልተመለከትኩትም።

በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ በዓይኔ ሲጫወት ያላየሁትን ወይም በራሴ ቃል ምክንያቱን መጻፍ የማልችለውን ተጫዋች አላስገባም። ደንቡ ቀላል ይመስላል፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። ሐምሌ 6 ቀን ሌሊት የክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ቼልሲ ፓሪ ሴንት ዠርመንን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ኮል ፓልመር ሁለት አስቆጥሮ አንድ አመቻችቶ አቀበለ። ሁለቱንም ጎሎች ያስቆጠረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከቀኝ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ተከላካዩ እስኪወስን ጠብቆ፣ በግራ እግሩ መሬት ለመሬት ወደ ጥጉ መታ። በደብተሩ ላይ ከስሙ አጠገብ የምጽፈው ይህንኑ ነው።

ባለፈው እሑድ ነሐሴ 4 ቀን ጅማ ያለነው አራታችን ጋሼ ቤት ተሰበሰብን። ግማሾቻችን ፍልሰታን የምንጾም በመሆኑ ቆሎ ቀረበ፤ የቡና ነጋዴው ከራሱ መጋዘን ያመጣው ቡና ተቆላ፤ ጋሼ ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የሒሳቡን ነገር ያዙ። በጨዋታው ለሁሉም 15ቱን ተጫዋቾች መግዣ የሚሰጠው 100 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ የሊቨርፑሉ ሞሐመድ ሳላህ 14.5፣ የማንቸስተር ሲቲው ኧርሊንግ ሃላንድ 14 ሚሊዮን ያወጣሉ። ጋሼ በደብተራቸው ጀርባ ላይ ሁለቱን ደመሩና 28.5 ጻፉ፤ ከ100 ላይ ቀነሱና የቀረውን 71.5 ለ13 አካፈሉ።

«ልክ 5.5 ይወጣል፤ ምንም አይተርፍም» አሉ። «ሁለቱን የሚይዝ ሰው ሌሎቹን 13 በአማካይ በዚህ ዋጋ መግዛት አለበት።»

«እርስዎስ ጋሼ፣ ማንን ያስቀራሉ?» አልኳቸው።

«እኔማ ሁለቱንም እይዛለሁ፤ ርካሽ ተጫዋች ፈልጎ ማግኘት ነው የእኔ ደስታ» አሉኝ። ርካሹን ለመፈለግ የሚያጠፉትን ጊዜ ስለማውቅ አመንኳቸው።

እኔ ግን ሃላንድን ለመተው ወሰንኩ፤ ከባድ ውሳኔ ነው። ሳላህ ባለፈው ዓመት 29 ጎል አስቆጥሮ 18 አመቻችቷል፤ በጨዋታው ታሪክ ከፍተኛ የሆነውን 344 ነጥብም ሰብስቧል። አማካይ ተብሎ የተመዘገበ በመሆኑ አንድ ጎሉ 5 ነጥብ ያስገኛል፤ የአጥቂ ጎል ግን 4 ነው። ጎል ባያገኝ እንኳ ሌላውን ያስቆጥራል፤ ሃላንድ ጎል ባጣበት ቀን ግን ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል። ለፓልመር 10.5 ከፍዬ እንኳ 3.5 ሚሊዮን ይተርፈኛል፤ ይህም በመሐል ሜዳዬና በተከላካዮቼ ላይ ልዩነት ያመጣል።

የተከላካዮቹ ነገር በዕለቱ ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተን ነበር። ከእኛ አንዱ፣ በትምህርት ቤታችን ቡድን መሐል ተከላካይ የነበረውና አሁን የእንጨት ሥራ ያለው፣ ለሰባት ዓመታት ሲያዝን ኖሯል። ተከላካይ ሙሉ ጨዋታ ሲያወጣ፣ ሲሸፍን፣ ሲያቋርጥና ሲነጥቅ ውሎ በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ጎል ከተቆጠረበት፣ ግብ ሳይቆጠርበት ለሚወጣ የሚሰጠው 4 ነጥብ ይቀርበታል፤ የቀረው ድካሙ እንዳልነበረ ይቆጠር ነበር። ከዘንድሮ ጀምሮ አንድ ተከላካይ እነዚህን ሥራዎች በአንድ ጨዋታ በድምሩ 10 ጊዜ ከሠራ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ለአማካይና ለአጥቂ፣ የተበተነ ኳስ መሰብሰብ ተጨምሮበት፣ መጠኑ 12 ነው። ጓደኛችን ይህን ሲያነብልን ድምፁ ተለወጠ። «አዩ ጋሼ፣ አሁን እኮ ታየን» አለ። የኤቨርተኑን ጄምስ ታርኮውስኪ በራሱ ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፈው፤ በምክንያቱ ቦታ ላይ የጻፈው ረጅም ስለሆነ ወደ ኅዳጉ ወጥቷል።

በዚያው ቀን ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሊቨርፑልና ክሪስታል ፓላስ ለእንግሊዝ የውድድር ዘመን መክፈቻ ዋንጫ፣ ለኮሚዩኒቲ ሺልድ፣ ሲጫወቱ በዲኤስቲቪ ቤት አብረን አየን። ሁለት ለሁለት አልቆ ፓላስ በመለያ ምት አሸነፈ። ሊቨርፑሎች ዘንድሮ ፍሎሪያን ቪርትዝን፣ ኤኪቲኬን፣ ፍሪምፖንግንና ከቦርንማውዝ ከርኬዝን አስፈርመዋል፤ ፍሪምፖንግና ኤኪቲኬ በዚያ ቀን ጎል አስቆጥረዋል፤ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መያዝ ስለማይቻል የትኛውን ልተው እያልኩ ነበር ወደዚያ የሄድኩት። ነገር ግን የፓላሱ ኢስማይላ ሳር ከተከላካዮቹ ጀርባ ወደተከፈተው ቦታ ሮጦ ሲያስቆጥር ካየሁ በኋላ፣ ሁለቱ አዳዲስ የመስመር ተከላካዮች ወደፊት በሄዱ ቁጥር ከኋላቸው የሚቀረውን ሜዳ እያየሁ፣ ከሊቨርፑል ተከላካይ እንደማልይዝ ወሰንኩ። ሳርን ግን አስገባሁት። በታኅሣሥ ሞሮኮ ለሚካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ እርሱ ከሴኔጋል፣ ሳላህም ከግብፅ ጋር ይሄዳሉ፤ ለዚያ ሲባል በ16ኛው ሳምንት ለሁሉም የፋንታሲ ተሳታፊ አምስት ነፃ ዝውውር ስለሚሰጥ የዚያን ጊዜ እመለስበታለሁ።

ስለ ሊቨርፑሉ አጥቂ ስለ ዲዮጎ ጆታ ሳልጽፍ ይህን ገጽ መዝጋት አልችልም። አጋሮ ያለው ጓደኛችን ባለፉት ደብተሮች ሁሉ ላይ በአንድ ወቅት ወይም በሌላ ጆታን ጽፎታል፤ ጉዳት ሲያጠቃው ያወጣዋል፣ ሲድን ይመልሰዋል። ሰኔ 26 ቀን ጆታና ወንድሙ አንድሬ ሲልቫ በስፔን በመኪና አደጋ መሞታቸው ሲሰማ፣ ጆታ ከሠርጉ ገና 11 ቀኑ ነበር፤ ጓደኛችን በሥራ ላይ ሳለ ደውሎልኝ ብዙ አልተናገረም። ሊቨርፑል ጆታ ይለብሰው የነበረውን 20 ቁጥር መለያ ከእንግዲህ ለማንም እንደማይሰጥ አስታውቋል። ትናንት ጓደኛችን ዝርዝሩን በቴሌግራም ሲልክልኝ፣ 15ቱን ስሞች ከጨረሰ በኋላ አንድ መስመር ዘልሎ የጆታን ስም ጽፎ ነበር፤ በምክንያቱ ቦታ ላይ ምንም የለም። አንድም ቃል ሳልለውጥ እንደምገለብጥ ያውቃል። መስመሩን ዘልዬ ጻፍኩት፤ የምክንያቱንም ቦታ ባዶ ተውኩት።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፤ መብራት ስላለ ስልኬን እየሞላሁ የስምንቱን ዝርዝር ገልብጬ ጨርሻለሁ። በእኔ ገጽ ላይ 14 ስሞች ከነምክንያታቸው ተጽፈዋል፤ አምበሌ ሳላህ ነው። የቀረኝ ሁለተኛው ግብ ጠባቂ ሲሆን፣ 4 ሚሊዮን ከሚያወጡት መካከል በዓይኔ ያየሁትን እስካገኝ ድረስ እስከ ነገ ቀትር ባዶ ይቆያል። በደብተሩ የውስጥ ሽፋን ላይ፣ ማንም ሲከፍተው መጀመሪያ በሚያየው ቦታ፣ በትልቁ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ እስከ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ያለን ልዩነት 2 ሰዓት፤ ከዚያ በኋላ 3 ሰዓት፤ ከመጋቢት 20 ጀምሮ እንደገና 2 ሰዓት። ፎቶ አንሥቼ ለስምንቱም ላክሁላቸው፤ ከሚኒሶታ ወዲያውኑ መልስ መጣ፦ «የእኔንም ሰዓት ጨምርበት።» ከሥሩ ጨመርኩለት።