ከደብረ ብርሃን ሆኜ ኳንተም ኮምፒውተር ስሞክር የተሳሳትኩት

ይህን የምጽፈው ለፊዚክስና ለአይሲቲ መምህራን ነው። እኔን ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሰው አልነበረኝም፤ ቢኖረኝ ኖሮ እስካሁን ባልቆጨኝ።

የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። ዘንድሮ ለሳይንስ ክበብ ልጆች ኳንተም ኮምፒውተርን ላሳያቸው ወሰንኩ። ወሬውን ብቻ ሳይሆን እውነተኛው ማሽን ላይ አንድ ነገር አብረን እንድንሠራ ፈልጌ ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ማሽኖቹን በኢንተርኔት ከፍቷል። በነጻው አገልግሎት በወር 10 ደቂቃ ይሰጣል። ለእኛ ዓይነት ሥራ ይበቃል፤ አንዷ ሙከራ የምትፈጀው ሰከንዶች ነው።

አካውንት መክፈት፣ ኪስኪት የሚባለውን ፕሮግራም መጫን፣ አጭሯን ኮድ መጻፍ፤ ሁለት ማታ በቃኝ።

ትምህርቱን ማዘጋጀት ደስ የሚል ሥራ ነበር። የኳንተም ኮምፒውተር መረጃ መያዣ የሆነው ኩቢት እንደ ተራው ቢት 0 ወይም 1 ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ያጣመረ ሁኔታ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ግን ሁኔታው ስስ ነው። ትንሽ ሙቀት ወይም ንዝረት ያበላሸዋል። ስለዚህ ማሽኑን የሚሠሩት ሁሉ የሚጨነቁት ኩቢቱን ከረብሻ ለመጠበቅ ነው። ጎግልና አይቢኤም ሱፐርኮንዳክተር የሆነች፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መከላከል የምታሳልፍ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዑደት ይሠሩና ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ነጥብ) በላይ ወደ 15 ሚሊኬልቪን፣ ወደ 0.015 ዲግሪ ያህል፣ ያወርዷታል። እኛ በኅዳር ውርጭ ስንንቀጠቀጥ እንኳ ከፍጹም ዜሮ 270 ዲግሪ ያህል ሞቀን ነው ያለነው። ልጆቹ ብርድ ያውቃሉና ይቺ ገባቻቸው።

ኳንቲኑምና አዮንኪው የተባሉት ኩባንያዎች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ቻርጅ ያላቸውን አተሞች አየር በሌለበት ቦታ በኤሌክትሪክ መስክ አንጠልጥለው በሌዘር ያዟቸዋል። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ትክክለኛነቱ ግን ከፍተኛ ነው። ኩኤራና ፓስካል የተባሉት ደግሞ ቻርጅ የሌላቸውን የሩቢዲየም አተሞች በብርሃን መቆንጠጫ ይይዛሉ። በፎቶን፣ በብርሃን ቅንጣት፣ የሚሠሩም አሉ፤ የእነሱ ጣጣ ፎቶኑ መንገድ ላይ መጥፋቱ ነው።

የ2025ን የፊዚክስ ኖቤል ክላርክ፣ ዴቮሬና ማርቲኒስ የወሰዱት በኤሌክትሪክ ዑደት ላይ ተነሊንግ ስላሳዩ ነው። ለዚህ የጣርማበርን ዋሻ ተጠቀምኩ። ጣሊያን ተራራውን ቆፍሮ ነው ያሳለፈን፤ በኳንተም ዓለም ግን ማንም ሳይቆፍር፣ ተራራውን የምትወጣበት ጉልበት የሌላት ቅንጣት አንዳንዴ ከወዲያ ማዶ ትገኛለች።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ የኮምፒውተር ክፍሉን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለመጠቀም የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩ።

ቢሮው ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። መጀመሪያ ኃላፊው የሉም። ቀጥሎ «መምህር፣ ይሄ ኳንተም የሚሉት በሥርዓተ ትምህርቱ አለ?» ተባልኩ። የክበብ ሥራ ነው ብዬ አስረዳሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤው ተጽፎ ማኅተም የያዘችው ሴትዮ ስብሰባ ላይ ናት። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። አሥራ አራት ልጆች በየሳምንቱ «ቲቸር፣ መቼ ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ፈቃዱ ሲመጣ የቀረን ከፈተና በፊት ያለችው የመጨረሻ ዓርብ ብቻ ነበረች። ሐሙስ ማታ ሙከራውን አስቀድሜ ልልክ ስል መብራት ሄደ። ጠዋት ላክሁት፤ ወረፋ ነበረ። ልጆቹ ገብተው ሲቀመጡ ሥራዬ ገና ተራ እየጠበቀ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። ላፕቶፔ ላይ ባለው ሲሙሌተር፣ ማሽኑን ያለ ስህተት አስመስሎ በሚያሰላው ፕሮግራም፣ ሠራሁትና ውጤቱን ግድግዳው ላይ አሳየሁ። «ይኸው፣ ከእውነተኛው ማሽን የመጣ» አልኩ። ሁለት ኩቢቶች ሲለኩ ሁሌም አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጡ ተቆራኝተው 1,024 ጊዜ ተለክተዋል። ግማሽ ያህሉ 00፣ ግማሽ ያህሉ 11። ሌላ ምንም የለም።

ከጣርማበር በኩል የመጣች የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቅድም ማሽኑ ይሳሳታል ብለውን አልነበር? እዚህ ላይ አንድም ስህተት የለም'ኮ።»

ፊቴ ጋለ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር፤ አልተናገርኩም። ቢሮው ሦስት ሳምንት በላብኝ፤ ያንን ውሸት ግን ማንም አላስወራኝም።

ማታ እውነተኛው ውጤት መጣ። 00፣ 503። 11፣ 488። 01፣ 14። 10፣ 19። እነዚያ 33 ስህተቶች ናቸው ሳስተምራቸው የከረምኩትን ነገር ሁሉ የያዙት። ያ ሁሉ ማቀዝቀዣና ሌዘር የሚደከምበት እነሱን ለመቀነስ ነው። በ2023 አይቢኤም 1,121 ኩቢት ያለው ኮንዶር የተባለ ቺፕ አወጣ፤ በታኅሣሥ 2024 የጎግሉ ዊሎው ግን በ105 ኩቢት ነው ትልቅ ዜና የሆነው፤ ምክንያቱም ብዙ ኩቢቶችን አስተባብሮ የሚሠራውን የስህተት ማረሚያ ባሰፉት ቁጥር ስህተቱ እየቀነሰ መሄዱን አሳየ። የኩቢት ብዛት የሚያወራላችሁን ሰው ስንቱ ይሳሳታል ብላችሁ ጠይቁት።

ብዙ መመሪያ በሲሙሌተር ጀምሩ ይላል። እኔ አልስማማም። ለተማሪ መጀመሪያ እውነተኛውን ውጤት አሳዩት፤ ሲሙሌተሩን ኋላ ለማነጻጸሪያ አምጡት። ሙከራውን ከሳምንት በፊት ልካችሁ ውጤቱን በወረቀት አትሙ፣ መብራት ቢሄድም ወረቀት ይነበባል። ደብዳቤውን ደግሞ ክፍል ሳትመርጡ፣ ቀን ሳትቆርጡ ጠይቁ። «ኳንተም» አትበሉ፤ «የኮምፒውተር ልምምድ» በሉ።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ልጅቷን ጠርቼ ዓርብ ያሳየኋችሁ የሲሙሌተር ነው አልኳት፤ ለሌሎቹም ነገርኳቸው። ወረቀቱን ተቀብላ 14ቱንና 19ኙን በጣቷ እያሳየች «እነዚህ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። አብረን ደግመን ላክነው። ሁለተኛው 41 ስህተት ይዞ መጣ። ደብተሯ ላይ ከ33 ሥር ጻፈችውና «ለምን ጨመረ?» አለች።