ነሐሴ፣ ዝናብና የአንድ ሐኪም ቁጥር

ነሐሴ በደብረ ማርቆስ ሰውን ያለ ምክንያት ያስተክዛል። ከንጋት ጀምሮ የወረደው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ ከቀትር በኋላ መብራት ይዞ ሄደ። ፍልሰታ ነው፣ ብርድ ነው፤ እኔም ጋቢ ተከናንቤ ልጽፈው የሚገባኝን አንድ ገጽ ጽሑፍ ከፊቴ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ጽሑፉ ከባድ አይደለም፤ መስከረም ላይ ወደ ግቢያችን ለሚመጡ አንድ የካንሰር ስፔሻሊስት የመድረክ ማስተዋወቂያ እንዳዘጋጅ አለቃዬ አዘውኛል። «አንተ አማርኛህ ደህና ነው» ያሉኝ ለምስጋና ይሁን ለማሸከሚያ እስካሁን አልለየሁትም።

የእንግዳችንን ሲቪ ማንበብ ጀምሬ መሃል ላይ ስደርስ ቆምሁ። የተወለዱበት ወረዳ በአንድ መስመር አልፏል፤ ጠቅላላ ሐኪም ሆነው በገጠር ያገለገሉበት ዘመን ግማሽ መስመር እንኳ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ግን የታተሙ ጽሑፎቻቸው ብዛት፣ ጽሑፎቹ በሌሎች የተጠቀሱበት ብዛት፣ ኤች ኢንዴክሳቸው፣ ቁጥሩ በየዓመቱ እንዴት እንዳደገ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ሳይቀር ገጽ በገጽ ተዘርግቷል። ሰውየው ታካሚ የሚያዩ ሐኪም መሆናቸውን ለማረጋገጥ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስሁ። በካንሰር ሕክምና ክፍል ደጃፍ የሚሰለፈውን ወረፋ ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ የተጻፈው በየትኛው ሌሊት ነው ማለቱ አይቀርም፤ እኔም አልሁ፣ ማስተዋወቂያውም በዚያው ቀረ።

ኤች ኢንዴክስ የሚባለው ሚዛን ከሕክምና የመጣ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሚያስተምር ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ 20 ይሆናል። በአንዲት ጽሑፍ ብቻ የሙያውን አቅጣጫ የቀየረ ሰው ግን ጽሑፏ የቱንም ያህል ብትጠቀስ ቁጥሩ ከ1 አያልፍም። ለብቻ የተጻፈውና ከብዙዎች ጋር የተጻፈውም እኩል ይቆጠራሉ። በዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ስም ስለ ካንሰር በሚታተሙት ጽሑፎች ላይ የደራስያኑ ስም በመቶዎች ይቆጠራል፤ ከእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ስሞችም ጥቂት አይደሉም፤ ጽሑፎቹም ብዙ ይጠቀሳሉ። የእንግዳችን ትልቁ ቁጥር የመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው። ነውር የለበትም፤ መረጃ ያዋጣ ሰው ስሙ መውጣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን መድረክ ላይ ቆሜ ቁጥሩን ስጠራ አዳራሹ የሚያጨበጭበው ለየትኛው ሥራቸው እንደሚሆን መናገር ያቅተኛል።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቅኔ መምህር ነበሩ። እገሌ የሚባል ታላቅ መምህር አለ ሲባሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እነማንን አስመሰከረ?» በጎንጅም ሆነ በዋሸራ የመምህር ስም የሚነሣው ከእርሱ ቤት ወጥተው ወንበር በዘረጉት ነው፤ የተቀኘውማ በዕለቱ ተሰምቶ ያልፋል። አያቴ ይህን ሲቪ ቢያገኙ ገጹን እየገለበጡ የተማሪዎቹን ስም ይፈልጉ ነበር፤ አያገኙትምም ነበር። እንግዳችን ብዙ ወጣት ሐኪሞችን ማሠልጠናቸውን በወሬ አውቃለሁ፤ ከእነርሱም አንዱ የአጎቴን ልጅ ሲያክም አይቸዋለሁ። በወረቀቱ ላይ ግን ስለ እነርሱ አንድ መስመር እንኳ የለም፤ ምናልባት የሚቆጥራቸው ሰው ስላልተገኘ ይሆናል።

አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ መቁጠሩ ራሱ ሲጀመር ሰውን ለመመዘን ታስቦ አልነበረም። አሜሪካዊው የመረጃ ባለሙያ ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሐሳቡን ሲያቀርብ አርአያ ያደረገው የአሜሪካ ጠበቆች አንድ ፍርድ በኋለኞቹ ችሎቶች መጽናቱን ወይም መሻሩን የሚከታተሉበትን መዝገብ ነው፤ ተመራማሪውም አንድ ሐሳብ ከማን ተነሥቶ እነማን ዘንድ እንደ ደረሰ በዚያው መንገድ እንዲከተል ነበር ምኞቱ። የአንድ መጽሔት ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚለካው ኢምፓክት ፋክተርም የተሠራው መጽሔትን ከመጽሔት ለመምረጥ ነው። ውሎ አድሮ መጽሔቱ የተመዘነበት ሚዛን ጸሐፊው የሚመዘንበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎችና የመጽሔት አዘጋጆች ይህ አሠራር እንዲቀር የሚጠይቅ መግለጫ አረቀቁ፤ የማዕረግ እድገት ቅጽ ግን ዛሬም የሚጠይቀኝ የመጽሔቱን ደረጃ ነው።

ይህን ሳወጣና ሳወርድ ዴኒስ በርኪት ትዝ አለኝ። አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ገና በ11 ዓመቱ አንድ ዓይኑን አጥቷል። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1957 መንጋጋው በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም ያበጠ ሕፃን አሳዩት፤ ብዙም ሳይቆይ ጂንጃ በሚገኝ ሆስፒታል ሌላ እንዲሁ ያበጠ ሕፃን አየ። አንዱን ብቻ ቢያይ አጋጣሚ ነው ብሎ ባለፈው ነበር። በ1958 ያየውን፣ ዛሬ በስሙ የበርኪት ሊምፎማ የሚባለውን ካንሰር፣ በብሪታንያ የቀዶ ሕክምና መጽሔት አሳተመ፤ ጽሑፉም በጊዜው ብዙ ሰው አላነጋገረም። የዛሬው ቅጽ በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ በርኪትን ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያበቃው አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው የምርምር ገንዘቡ 25 ፓውንድ ነበር ይባላል። የሕፃናቱ ፎቶግራፍ ያለበት መጠይቅ አሳትሞ በአፍሪካ ወዳሉ የመንግሥትና የሚሲዮን ሆስፒታሎች በፖስታ ላከ፦ እንዲህ ያለ ሕፃን እናንተ ዘንድ መጥቶ ያውቃል? መልስ በመጣ ቁጥር ካርታው ላይ ምልክት ያደርጋል። ይህ አልበቃ ብሎት በ1961 መጨረሻ ከሁለት ሐኪም ጓደኞቹ ጋር ያገለገለች ፎርድ መኪና ይዞ ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ተመለሰ፤ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በየሆስፒታሉ እየቆመ በሽታው የሚታወቅበትን ብቻ ሳይሆን የማይታወቅበትንም ይጠይቅ ነበር፤ ወሰኑን ያገኘው በዚህ ነው።

ካርታው የተናገረው ለጎጃም ሰው ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። ሕመሙ ሞቃትና ዝናብ በሚበዛበት ቆላ ይገኛል፤ በኡጋንዳና በአካባቢዋ ከ1,500 ሜትር ገደማ በላይ ባለው ደጋ ግን አይታይም። ወባ ባለበት አለ፣ ወባ በሌለበት የለም ማለት ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ነሐሴን በጋቢ የምታሳልፍ ከተማ ውስጥ ያደገ፣ «ቆላ ወርደህ እንዳታድር» እየተባለ የተመከረ ልጅ፣ ከደጀን ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ አየሩ በየጠመዝማዛው እንደሚለወጥ ያውቃል። በርኪት በመኪና ዞሮ ያገኘው መስመር ለእኛ ከቤታችን ጓሮ የሚጀምር ነው።

ከጉዞው በፊት፣ በዚያው በ1961 መጋቢት ላይ፣ በርኪት ለንደን ውስጥ ንግግር ሲያደርግ አንቶኒ ኤፕስታይን የተባለ ተመራማሪ ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። ነገሩ የቫይረስ ሥራ ሊሆን ይችላል ብሎ ከካምፓላ በአውሮፕላን በሚላክለት ናሙና ከዓመት ዓመት ሲደክም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ከበርት አቾንግና ከኢቮን ባር ጋር ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየቱን አሳወቀ፤ በሰው ላይ ከካንሰር ጋር የተያያዘ የመጀመሪያው ቫይረስ ይህ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርም መንገዱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሐራልድ ዙር ሃውዘን የዘመኑ ሊቃውንት ሌላ ቫይረስ ሲጠረጥሩ በራሱ ጥርጣሬ ጸንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ሁለቱን ዋና የፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነቶች ለየ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸለመ፤ ክትባቱም በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የእኅቴ ልጅ ቢቸና ላይ በትምህርት ቤቷ ተከትባ የመጣች ዕለት ክንዷን ይዛ አኩርፋ ነበር፤ ምን እንደ ተወጋች ስትጠየቅ «ይጠቅማችኋል አሉን» ብላ እራቷን መብላት ጀመረች። ዙር ሃውዘን ቢሰማት ቅር የሚለው አይመስለኝም።

የበርኪት ካርታ ግን የበርኪት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ምልክት፣ በአንድ ሩቅ ሆስፒታል ውስጥ መዝገብ ገልጦ «አዎ፣ ሁለት አይተናል» ወይም «እኛ ዘንድ የለም» ብሎ መልስ የጻፈ ሰው አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው በቅርብ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት የካንሰር ታካሚዎችን ካርድ ስናገላብጥ በከረምንበት ሆስፒታል የካርድ ክፍሉን የያዙት እትዬ ዘ. ነበሩ። መደርደሪያው ከጣሪያ የደረሰ ነው፤ ካርዶቹ በላስቲክ ታስረዋል፤ የናሙናው ውጤት በዛገ ስቴፕል ከጀርባ ተያይዞ ይገኛል፣ ካልተገኘም ቤተ ዘመድ ይዞት አዲስ አበባ ሄዶ አልተመለሰም። ዕድሜ 40 ነው፣ 50 ነው፣ 60 ነው፤ 43 ዓመት የሆነው ሰው በጎጃም የታመመ አይመስልም። እትዬ ዘ. በቁጥር የጠፋውን ካርድ በቀበሌውና ባመጣው ሰው ያስታውሱታል፦ «ይችን አውቃታለሁ፣ ወንድሟ ነው በቃሬዛ ያመጣት፣ ያኛው ረድፍ ላይ እያት።» ሄደን ስናይ አለች። በምስጋና ገጻችን ላይ የሰፈረው የገንዘብ ሰጪው ስም ነው።

እትዬ ዘ. ያላወቋት አንዲት ብቻ ናት። አድራሻ በሚለው ቦታ «አባይ ማዶ» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ የለም። ባሕር ዳር ውስጥ አባይ ማዶ የሚባል ሰፈር አለ፤ ደጀን ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ አባይ ማዶ ጎሐ ጽዮን ናት፤ ሴትዮዋ ከወዲያ የመጣች ከሆነች ደግሞ በእርሷ አነጋገር አባይ ማዶ እኛው ነን። የጥናቱ ቅጽ የሚያውቀው ምሥራቅ ጎጃምን፣ ምዕራብ ጎጃምን፣ አዊንና «ሌላ» የሚለውን ስለ ነበር «ሌላ» ውስጥ ገባች፤ በታተመው ሰንጠረዥም እዚያው አለች። ያንን ሰንጠረዥ የጠቀሰልን ሰው አለ፤ ስለዚህ ይህች ሴት በእኔ ኤች ኢንዴክስ ውስጥ፣ ኢንዴክስ ከተባለ፣ የራሷ ድርሻ አላት። ሕመሟ የማኅፀን በር ካንሰር ነው፣ ዕድሜዋ 40። በርኪት ዛሬ ካርታውን ዘርግቶ እስኪርቢቶውን ይዞ፣ ይች የት ትሁን ቢለኝ ምን ልመልስለት ነው?