ሎጎ ያለው መኪና፣ ሽማግሌና መንገዱ ማዶ ያለው ጣቢያ

ሶሻል ወርክ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስነምግባር አንድ ኮርስ ነው ሕግ ሌላ ኮርስ፣ አስተማሪውም ፈተናውም ለየብቻ። ፊልድ ላይ ግን ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። እኔ የምሰራው ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች ጋር ነው፣ አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደሞ ሚስጥር አንድ ቀን አያድርም።

ለምሳሌ የድርጅት ሎጎ ያለውን መኪና ውሰዱት። ብሎኩ ስር አቁመሽ ስትወጪ በር ላይ ቡና የሚያፈሉት ሴትዮ "ልጄ ዛሬ ደሞ ማን ቤት ነው?" ይሉሻል፣ በቃ አፍሽን ሳትከፍቺ ቤቱ ታወቀ። ስለዚህ እኔ ታክሲ ተራው ጋ እወርድና ባጄን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በእግሬ እገባለሁ። ይሄ የትኛውም የስልጠና ስላይድ ላይ የለም።

የሚከብደው ግን ልጅቷ "እትዬ፣ ለማንም አልናገርም በይኝ" ስትል ነው። እኔ ቃል አትግቡ ባይ ነኝ። ወሬው ሳይጀመር "አንቺን የሚጎዳሽ ነገር ካለ ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች እናገራለሁ፣ ለማን እንደምናገር ግን መጀመሪያ አንቺ ታውቂያለሽ" ማለት ነው። ይሄን ሰምታ ዝም የምትል አለች፣ ያማል፣ ግን አልናገርም ብላ ምላ ካስወራቻት በኋላ ፖሊስ ይዛ ከምትመጣ ሰው ትሻላለሽ።

ከዛ ሊያስታርቅ ሽማግሌ ይመጣል። "ያደረሰባት ሰው ያግባትና ነገሩ ይብረድ።" የ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ ላይ እኮ የተጠለፈችው በፈቃዷ ካገባችው ክሱ ይቀር ነበር፣ ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው እሱ ነው መሰለኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን አንቀጽ 587 ላይ በኋላ መጋባታቸው ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም ይላል፣ ህፃናት ላይ የሚፈፀም የወሲብ ጥቃትም (626 እና 627) ቤተሰብ ትተነዋል ስላለ የሚቆም አይደለም። አሁን ይሄን ሽማግሌ ፊት አንቀጽ እየጠራሽ ብትናገሪ "ልታሳስረን ነው የመጣችው" ይባልና በሩ ይዘጋል። እኔ ስራ እሰጣቸዋለሁ፣ "አባቶቼ፣ ክሱን ለዐቃቤ ሕግ ተዉለት፣ እናንተ ቤተሰቡ ልጅቷን እንዳያገላት፣ ምስክርም እንዳያስፈራራ ያዙልኝ" እላለሁ። ሁሌ አይሰራም።

ልደታ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያለውን የህፃናት ችሎት ግን ብታዩት ደስ ይላል። ልጁ ዳኛው ፊት ሳይቆም ሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ይመሰክራል፣ አጠገቡ ያለችው ባለሙያ የችሎቱን ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ሰምታ በልጅ አነጋገር ትጠይቀዋለች። "ድርጊቱ ሲፈፀም ሌላ ሰው ነበር ወይ" የሚለውን "ያን ቀን ቤት ውስጥ እነማን ነበሩ?" ብትለው ልክ ነው። "አጎትህ ብቻ ነበር አይደል?" ካለች ግን መልሱን አጎረሰችው፣ ምስክርነቱ ተበላሸ። ለኔ ስነምግባርም ሕግም እዚች አረፍተ ነገር ላይ ናቸው፣ ስልጠና ላይ ግን እንደዚህ ተቀምጠን ጥያቄ ስንቀይር አልተለማመድንም።

ሌላው እዚህ ዳር የምንሰራው ላይ የሚብሰው ወሰን ነው። አስፋልቱን ስትሻገሪ ሸገር ከተማ ነሽ፣ ኦሮሚያ። የወንጀል ሕጉ ያው ነው፣ ፖሊሱ ግን ሌላ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ፣ የቤተሰብ ሕጉ እንኳን ሌላ፣ የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 213 ለአዲስ አበባና ድሬዳዋ ነውና። ልጁ ማዶ ይኖራል፣ ነገሩ የተፈፀመው እዚህ፣ እናትየው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስትመላለስ ቀኑ ይመሻል። ቀጣዩን ስልጠና የምታዘጋጁ ካላችሁ ከሰርተፊኬቱ በፊት የሁለቱንም በኩል የሴቶችና ህፃናት መርማሪዎች ስልክ ስጡን።